አስራ ሦስት ሰዓት

የሐምሌ ጉም አየር ጤናን ውጧት ነበር። ሳያት ከታክሲ ስትወርድ ከመንገዱ ማዶ ያለው ሕንጻ አልታያትም። የሚሰማት የረዳቶቹ ጥሪ ብቻ ነበር፤ «ጦር ኃይሎች! ሜክሲኮ! አንድ ሰው፣ አንድ ሰው!» ድምፁ ከነጩ ውስጥ ይወጣል፣ ባለቤቱ ግን የለም። እንዲህ ባለው ጠዋት ሰፈሩ ገና ያልተሠራ፣ ስሙ ብቻ ቀድሞ የሚጠራ ይመስላታል።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሩ መጋረጃ ሰፊ፣ ከዚያ በታች ጎሚስታ አለ። ቢሮው ሁለት ክፍል ብቻ ነው። በአንዱ እሷና አለቃዋ ክብሮም ይሠራሉ፤ በሌላው ትልቁ ኮምፒዩተር ብቻውን ተቀምጧል። ሥራ ሲሰጡት ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ያጓራል፣ ሲጨርስ ዝም ይላል። የሰው ዓይን በውስጡ ስላለ ከኢንተርኔት ጋር አላገናኙትም።

የሰው ዓይን መሆኑ እውነት ነው። እዚያው ኮልፌ የሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ በሳምንት ሁለት ቀን የሦስት መቶ ሰው ዓይን ውስጡን ፎቶ ያነሣል። ፕሮግራሙ ስድስት መቶውን ምስል እያየ ቶሎ ሐኪም ሊያየው የሚገባውን ይለያል። የድሮው ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ስለዚህ ጠዋት ፎቶ የተነሣ ሰው ውጤቱን የሚሰማው በማግስቱ ነው፤ ከሩቅ የመጣው ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ያድራል። ሳያት ያቺን አንድ አዳር ለማስቀረት ሰባት ወር ሠርታለች። ዛሬ አዲሱ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ምስል እስከ መጨረሻው ሲሄድ የሚለካበት ቀን ነው።

የሚለካበትን መንገድ ያዘጋጀችው ጠዋት ነው፣ ጃኬቷን ሳታወልቅ። ፕሮግራሙ ሲጀምር ለኮምፒዩተሩ «ስንት ሰዓት ነው?» የምትል አንድ መስመር፣ ሲጨርስ ያችኑ መስመር ደግማ ጻፈች። አንዱን ከሌላው መቀነስ ነው። ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም።

ቀኑን ሙሉ ከክብሮም ጋር ክሊኒኩ ውስጥ ስለሚውሉ ማሽኑን ለጋሽ ገሜዳ አደራ ሰጠች። ጋሽ ገሜዳ የሕንጻው ጥበቃ ናቸው። ከአስኮ በሁለት ታክሲ እየመጡ ቀኑን ይጠብቃሉ፤ ውሃ በሚመጣባቸው ቀናት፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ ጓሮ ያለውን ትልቁን በርሜል ይሞላሉ። ከቧንቧው ክር የምታህል ውሃ ነው የምትወርደው። በርሜሉ ጠዋት ይጀመርና ሲሞላ ይመሻል።

«መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩን ያስነሡልኝ ጋሼ። ከዚያ በቀር ምንም አይሠሩም። ስክሪኑ እንዳይቆለፍ አድርጌዋለሁ፣ አልፎ አልፎ ገብተው ይዩት።»

«እንደ በሽተኛ ላስታምምልሽ ነዋ!»

«እንደ በሽተኛ።»

«በይ ሂጂ። እኔም ጎማዬን በርሜል ውስጥ ልክተት። ማን ቀድሞ እንደሚጨርስ እናያለን።»

ሦስት ሰዓት ከአምስት ላይ ቁልፉን ተጫነች። ማራገቢያው አጓራ፣ እሷም ወደ ጉሙ ወጣች።

ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቶ ነበር። ሁሉም ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ስለተጨመረ ብርሃን ይከብዳቸዋል፤ ጉሙን እንኳ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ነው የሚያዩት። ጫፍ ላይ የተቀመጡ ጥቁር ካፖርት የለበሱ ሽማግሌ ሳያት ስታልፍ ድምፅዋን ሰምተው በተሰባበረ አማርኛ ጠሯት።

«ልጄ፣ ውጤት ዛሬ ነው ወይስ ነገ?»

ስማቸው ቀጄላ ነበር። ከኢንጪኒ በላይ ካለ ገጠር ነው የመጡት። ላሞቻቸውን ለጎረቤት ትተዋል፤ ጎረቤቱ ደግሞ፣ እንደ ነገሯት፣ አሟጦ አያልብም።

«የዛሬው ነገ ነው አባባ» አለቻቸው። ከዚያ ምን እንደገፋፋት ሳታውቅ ጨመረች፤ «በሚቀጥለው ሲመጡ ግን በዕለቱ ይሆናል። እየሠራንበት ነው።»

«በዕለቱ!» አሉ ቀጄላ፣ የማያዩትን ፊቷን እየፈለጉ። «ይባርክሽ።»

ረቡዕ ጠዋት ሳያት ቢሮ ስትገባ ትልቁ ኮምፒዩተር ዝም ብሎ ነበር። ስክሪኑ ላይ ሦስት መስመር ጠበቃት፤ ጀመረ 09:05። ጨረሰ 11:25። የፈጀው 2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ።

ቁጭ አለች። ዘጠኝ ሰዓት የነበረው ነው። አራት ከሆነልኝ እዘልላለሁ ብላ ነበር። የስክሪኑ ጥግ 02:30 ይላል፤ የእጇ ሰዓትም ሁለት ተኩል ይላል፤ ውጭ ጉሙ ገና አልተነሣም። አዲስ አበባ ውስጥ ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል የሚል ሰዓት አይቶ የሚደነግጥ ሰው የለም። እሷም አልደነገጠችም።

«ክብሮም!» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

ክብሮም መጥቶ አየና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። «ሁለት ከሃያ? አንቺ ልጅ፣ ምን አጠጣሽው?»

«እኔ እንጃ።»

«እኔ እንጃ አይባልም! በትሕትና ዝም ይባላል።» ስልኩን አውጥቶ እዚያው ክሊኒኩን ወደምትመራው ወደ ዶክተር ኤልሳቤጥ ደወለ። ከሰዓት በፊት ኬክ አስመጣ። ለጎሚስታው ሠራተኞች ሳይቀር አካፈለ፤ እነሱም በጥቁር እጃቸው ክሬሙን እየያዙ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ማን ወለደ?» ይሉ ነበር።

ሐሙስ ዶክተር ኤልሳቤጥ ክሊኒኩ በር ላይ ማስታወቂያ አስለጠፈች፤ ከሰኞ ጀምሮ ውጤት በዕለቱ ይሰጣል። ለሰኞ ተረኞችም አንድ በአንድ እየተደወለ፣ ማደሪያና ስንቅ ሳይዙ ጠዋት መጥተው ማታ መመለስ እንደሚችሉ ተነገራቸው። ሳያት በእነዚያ ሁለት ቀናት እግሯ መሬት አልነካም። ታክሲ ውስጥ መስኮቱ ላይ ተደግፋ ባዶውን የክሊኒክ በረንዳ በሐሳቧ ታያለች፤ አግዳሚው ብቻ ቀርቶ፣ ሰዎቹ ገና ፀሐይ ሳለ ወደ ላሞቻቸው ሲሄዱ።

ዓርብ የውሃ ቀን ነው። ሳያት ስትደርስ ጋሽ ገሜዳ ጓሮ ጎማውን እየዘረጉ ነበር።

«ኬክሽን በላሁ» አሉ። «ጥሩ ነው። ግን ማን አሸነፈ ብለሽ አልጠየቅሽኝም።»

«ምኑን ጋሼ?»

«ማክሰኞ። ኮምፒዩተርሽና በርሜሌ። እኩል ናቸው እኮ! እኔ ቧንቧውን ስዘጋ ላይ ያ ጩኸቱ ቀጥ አለ። እንደ ተነጋገሩ።»

ሳያት ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ሳይወርድ ቆመ። «በርሜሉ ሞልቶ ነበር?»

«አፉ ድረስ። ፈስሶ እግሬን አርሶታል።»

«ስንት ሰዓት ነበር?»

«ወደ ማታ ነዋ፤ አስራ አንድ ተኩል ሊሆን ሲል። ልብሴን ልቀይር ስል ነው።»

ቁጥሩን ታውቀዋለች፤ 11:25፣ አስራ አንድ ከሃያ አምስት። ስክሪኑ ላይ ያየችው ግን የፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኩለ ቀን ሳይደርስ፣ በእኛ አምስት ከሃያ አምስት። ጋሽ ገሜዳ የሚሉት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። የበርሜሉን ከንፈር ያዘች። ክር በምታህል ውሃ ይህ በርሜል በሁለት ሰዓት አይሞላም። ሩቡም አይሞላም።

«ጋሼ፣ ማሽኑን ነክተውት ነበር?»

«ማን? እኔ? መብራትም አልጠፋ!» አሉ። ከዚያ ትንሽ አሰቡ። «ሰዓቱን ብቻ ነው ያስተካከልኩልሽ።»

«የቱን ሰዓት?»

«የጥጉን። ምሳዬን በልቼ ስገባ አስራ ሦስት ከአስር ይላል። አስራ ሦስት! አስራ ሦስት ሰዓት የሚባል የት አገር ነው ያለው? ተበላሽቷል ብዬ ወደ ሰባት ከአስር መለስኩት። ቦንቱ ልጄ ስልኬ ላይ አሳይታኛለች፣ ጫን አድርጎ ነው።» ፊቷን አዩና ድምፃቸው ቀነሰ። «አበላሸሁብሽ እንዴ ልጄ?»

ጉሙ ከጎሚስታው ጣሪያ ላይ እየተቀደደ ነበር። ሙሉ ስድስት ሰዓት፤ የማክሰኞ ስድስት ሰዓት፣ ማንም ሳያውቅ ከቀኑ ላይ ተነሥቷል። ዝናብ የዘነበበት፣ ሰው ምሳ የበላበት፣ ቀጄላ አግዳሚው ላይ የተቀመጡበት ሰዓት ነው።

«እርስዎ አላበላሹም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ነኝ የማይጠየቀውን የጠየቅሁት።»

ክብሮም ሲመጣ ነገረችው። ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ዓይነት ሰዓት እንዳለ እሱም ያውቃል። አንዱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው፤ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገራል፣ ሰው ሲያስተካክለው ወደ ኋላም ወደ ፊትም ይሄዳል። ሌላው ማሽኑ ከተነሣበት ቅጽበት ጀምሮ ወደ ፊት ብቻ ይቆጥራል። ጠዋት ይሁን ማታ አያውቅም፤ የሚያውቀው ስንት እንዳለፈ ብቻ ነው። ማንም አያስተካክለውም፤ የሚስተካከልበት ቦታ የለውም።

«የግድግዳውን ነው የለካሽበት?» አለ ክብሮም፤ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

«የግድግዳውን። እጄ የለመደው እሱን ነው።»

«ሽማግሌው ነክተውት ነው እንላለን። እውነትም ነው።»

«እሳቸው ባይነኩት ሌላ ነገር ይነካው ነበር። እሳቸውን አታስገባ።»

«እሺ፣ ማንንም አላስገባም። ግን ስሚኝ፣ ስምንት ከሃያ እንደሆነ በምን አወቅሽ? በበርሜል?» ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልሰነበተም። «ዶክተርን በበርሜል አታስደነግጫት። እንደገና ለኪው፣ በትክክለኛው ሰዓት። ምናልባት ሦስት ይሆናል። አራት ይሆናል። አራት ከሆነ ማንም ምንም አይጎዳም።»

አራት። ቃሉ ጣፈጣት። ዶክተር ኤልሳቤጥ ዓርብ አስራ አንድ ተኩል ላይ ክሊኒኩን ዘግታ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ከከተማ ትወጣለች፤ ስልኳ እስከ ሰኞ ዝግ ነው። ሰኞ ደግሞ ሰዎቹ ስንቅ ሳይዙ ይመጣሉ። አሁን ብትደውል የምትናገረው ግምት ነው፤ አንድ ጊዜ ያልጨበጠችውን ቁጥር ተናግራለች፣ ሁለተኛ ያልጨበጠችውን መናገር አስጠላት። ሁለቱን መስመሮች ቀየረች። አሁን ማሽኑን ስንት ሰዓት እንደሆነ አትጠይቀውም፤ ስንት እንዳለፈ ነው የምትጠይቀው። ሦስት ሰዓት ላይ ቁልፉን ተጫነች፣ ታች ወርዳም ለጋሽ ገሜዳ «አሁን» አለቻቸው። እሳቸው ቧንቧውን ከፈቱ።

አምስት ሰዓት ሆነ። ዱካ አምጥታ ጓሮ፣ በርሜሉ አጠገብ ተቀመጠች፤ ከላይ የማራገቢያው ጩኸት በተከፈተው መስኮት ይመጣል። አምስት ከሃያ ሆነ፤ ከተጀመረ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ ማክሰኞ «ጨረሰ» የተባለበት ልክ ነው። ቀና ብላ መስኮቱን አየች። ጩኸቱ ቀጠለ። ከዚያ በኋላ አምስት ከሃያ አንድ ሆነ። ምንም አልተሰበረም፣ ማንም አልጮኸም። ሁለት ሰዓት ከሃያ የሚባለው ነገር ከዓለም ላይ የጠፋው በዚህ ዓይነት ነው፤ አንድ ጎሚስታ ጎማ እያንከባለለ ሲያልፍ።

ስድስት ሆነ፣ ሰባት ሆነ። «አራት» የሚለውም ቃል አለፈ። ክብሮም አንድ ጊዜ መስኮቱ ላይ ታየ፣ እጁን ዘረጋ፣ ተመልሶ ገባ። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ተመለሰ። የውሃው ድምፅ በርሜሉ ውስጥ እየቀጠነ ሄደ፤ ሲጀምር እንደ ከበሮ ነበር፣ አሁን ሰው በሹክሹክታ የሚያወራ ይመስላል። ሳያት ጭንቅላቷን ግድግዳው ላይ አሳረፈች።

ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ነበረች። አግዳሚው ላይ ስድስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሁሉም ካፖርት ለብሰዋል፣ ሁሉም ጃንጥላ ይዘዋል፣ ፊታቸው አይታይም። አለመቸኮላቸው አስገረማት።

«እነማን ናችሁ?» አለች።

«የማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነን» አለ የመጀመሪያው። «ስማችን አልተጠራም።»

«ተመዝግባችሁ ነበር?»

«አለን እንጂ! ዝናቡ የዘነበው በእኔ ላይ ነው» አለ ሦስተኛው፣ ጃንጥላውን አራግፎ። ጠብታው እግሯ ላይ ወደቀ፤ ቀዝቃዛ ነበር።

ዓይኗን ገለጠች። ውሃው የበርሜሉን አፍ አልፎ ጫማዋ ላይ ይፈሳል። ጋሽ ገሜዳ ጎንበስ ብለው ቧንቧውን እየዘጉ ነበር። ከላይ፣ በዚያው ቅጽበት ባይሆንም ከሁለት ከሦስት ትንፋሽ በኋላ፣ ማራገቢያው ዝም አለ።

«አላልኩሽም?» አሉ ቀስ ብለው።

ደረጃውን እየሮጠች ወጣች። ስክሪኑ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ 8 ሰዓት ከ19 ደቂቃ። የድሮው ዘጠኝ ነበር። ሰባት ወር፣ አርባ አንድ ደቂቃ።

ክብሮም ከኋላዋ ቆሞ አነበበው። «ቅዳሜና እሁድ እንሥራበት» አለ በመጨረሻ። «ሁለት ቀን አለን። አንድ ነገር እናገኝ ይሆናል።»

«ካላገኘንስ?»

ክብሮም ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ የዶክተሯን ቁጥር ፈልጎ ሰጣት። አስራ አንድ ከሃያ ሁለት ነበር።

«ዶክተር፣ ሳያት ነኝ፤ የፕሮግራሙ። ሁለት ሰዓት ከሃያ የተባለው ስህተት ነው። ስምንት ሰዓት ከአስራ ዘጠኝ ነው የሚፈጀው። የለካሁበት ሰዓት የማይሆን ሰዓት ነበር። የመረጥኩት እኔ ነኝ።»

በስልኩ ውስጥ ቁልፎች ሲንቀጫቀጩ ተሰማ፤ ከዚያ ቆሙ። «ቁልፍ በር ላይ ሰክቼ ነው ያገኘሽኝ» አለች ዶክተር ኤልሳቤጥ። «ሰኞ ስንት ሰው ከሩቅ እንደሚመጣ ታውቂያለሽ? አርባ ሦስት። ማደሪያ አትያዙ ብለናቸዋል።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም። ብታውቂ ኖሮ ረቡዕ ሁለቴ ትለኪ ነበር።» ወረቀት ሲላጥ የመሰለ ድምፅ መጣ። «ማስታወቂያውን አንሥቼዋለሁ። ስልክ የምትደውለው ልጅ ሄዳለች። ለእነዚህ ሰዎች አሁን ማን ይደውልላቸዋል?»

«ስማቸውንና ስልካቸውን ይላኩልኝ። እኔ እደውላለሁ። ለሁሉም።»

«አማርኛ የማይሰሙ አሉ።»

ሳያት ወደ መስኮቱ ሄደች። ጋሽ ገሜዳ የሥራ ልብሳቸውን ቀይረው፣ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ወደ በሩ እየሄዱ ነበር። «ጋሽ ገሜዳ!» ብላ ተጣራች። «ትንሽ ይቆዩልኛል? አፋን ኦሮሞ የሚደውል ሰው እፈልጋለሁ!»

«ስንት ሰው ነው?»

«አርባ ሦስት!»

ቆመው ወደ ላይ አዩ። «ውይ» አሉ፤ ኮፍያቸውንም አወለቁ።

ሁለቱ በኮምፒዩተሩ ክፍል፣ ዝም ባለው ማሽን አጠገብ ተቀመጡ። ክብሮም የራሱን ስልክ አምጥቶ የዝርዝሩን ታችኛውን ግማሽ ያዘ። ሳያት ለሁሉም አንድ ነገር ነው የምትለው፤ ውጤት በማግስቱ ነው፣ ማደሪያ ያስቡ፣ ስንቅ ይያዙ፣ ተሳስተን ነው፣ ይቅርታ። አንዳንዱ ይቆጣል፤ አንዳንዱ ያመሰግናል፤ መስማት የሚከብደው የሚያመሰግነው ነበር። የስክሪኑ ጥግ አሁንም ጋሽ ገሜዳ ያስተካከሉትን ሰዓት ያሳያል። ለመመለስ አልቸኮለችም። ማየት ለሚፈልግ ሰው ልክ ነበር።

ከዝርዝሩ አሥራ ሰባተኛው ስም ቀጄላ ነው። ሰኞ ለሁለተኛ ምርመራ ተቀጥረዋል። ሳያት ስልኩን ለጋሽ ገሜዳ ሰጠችና ድምፁን ከፈተችው። ረጅም ሰላምታ ሆነ፤ የሰው ጤና፣ የከብት ጤና፣ የዝናቡ ነገር። ከዚያ ጋሽ ገሜዳ ነገሩን ተናገሩ። ከወዲያ በኩል አንድ ጥያቄ መጣ።

«‹ልጅቷ በዕለቱ ነው ብላኝ ነበር› ይላሉ» አሉ ጋሽ ገሜዳ፣ ስልኩን በእጃቸው ሸፍነው። «‹እንደ ድሮው ነው ማለት ነው ወይ?› ይላሉ።»

ሳያት ጉንጯ ጋለ። «አርባ አንድ ደቂቃ ይቀድማል ይበሏቸው። እሱ እርግጥ ነው። ተለክቷል።»

ጋሽ ገሜዳ ተረጎሙ። ሽማግሌው ከሩቅ፣ ከጉሙ ማዶ፣ አንድ ነገር አሉ፤ ሁለቱም ሰዎች አንድ ላይ ሳቁ።

«ምን አሉ?»

«‹ትንሽ አይደለም› ነው የሚሉት። ‹በአርባ ደቂቃ ሁለት ላም ይታለባል።›»

ሳያት ስሙ አጠገብ ምልክት አደረገች፤ አሥራ ስምንተኛውንም ደወለች።